አስልቶ ማሸነፍ ሠርቶ ማግኘት ነውን?

በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ጥያቄ ከመጽሐፍ የተገኘ ሳይሆን ከመካከላችን የተነሣ ነው። በሒሳብ ትምህርቱ የተመሰገነ አንድ ጓደኛችን ፖከር የተባለውን የካርታ ጨዋታ ለብዙ ወራት ሲያጠና ከቆየ በኋላ፣ ከእኛው መካከል ከአንዱ ጋር በገንዘብ ተጫወተና አሸነፈው። የተሸነፈው ልጅ ያጣው ገንዘብ ለቤት ኪራይ ያስቀመጠው ነበር። ይህን በሰማን ጊዜ አሸናፊውን ወቀስነው። እርሱ ግን ረጋ ብሎ፣ «አላጭበረበርሁም፤ ካርታም አልደበቅሁም። እርሱ ዕድሉን ሲጠብቅ እኔ አሰላሁ። ቁማርተኛ ማለት በዕድል የሚታመን ነው እንጂ አስቦ የሚጫወት አይደለም» ሲል መለሰልን። ነገሩ በተግሣጽ ብቻ የሚታለፍ ስላልመሰለን፣ ወረቀትና እርሳስ ይዘን አብረነው መረመርነው።

በቅድሚያ እውነቱን እንመስክርለት፤ ስሌቱ እውነተኛ ነው። ከ52 ካርታዎች አምስት አምስት እየተወሰደ 2,598,960 ልዩ ልዩ ስብስብ ሊገኝ ይችላል። ከእነዚህ ሁሉ መካከል ማንም የማይበልጣቸው አራት ብቻ ናቸው። ቴክሳስ ሆልደም በተባለው የፖከር ዓይነት ተጫዋቹ ሁለት ካርታ በእጁ ይይዛል፤ አምስት ካርታ ደግሞ ለሁሉም በጋራ በጠረጴዛው ላይ በየተራ ይገለጣል። አራቱ ተገልጠው አንዱ ሲቀር፣ ተጫዋቹ አንድ ዓይነት ምልክት ያላቸው አራት ካርታዎች አሉት፤ አምስተኛው ቢመጣለት ያሸንፋል እንበል። ያላያቸው ካርታዎች 46 ናቸው፤ ከእነዚህ የሚጠቅሙት 9፣ የማይጠቅሙት 37 ናቸው። በመካከል የተከማቸው ገንዘብ 300 ብር ቢሆንና ለመቀጠል 100 ብር ቢጠየቅ፣ 9 ጊዜ 300 ማለትም 2,700 ብር ሲያገኝ፣ 37 ጊዜ 100 ማለትም 3,700 ብር ያጣል፤ ስለዚህ መተው ይሻለዋል። የተከማቸው 500 ብር ቢሆን ግን 4,500 አግኝቶ 3,700 ያጣልና መቀጠሉ ያዋጣዋል።

ይህን የማያውቅ ሰው፣ «ሦስት ጊዜ ተሸንፌአለሁ፤ አሁንስ ተራው የእኔ ነው» ይላል። ካርታ ግን ያለፈውን አያስታውስም። በእርግጥ የሚያሰላም ሰው ሁልጊዜ አያሸንፍም፤ ከሁሉ የሚበልጠውን ጥንድ በእጁ የያዘ ሰው ሁለተኛውን ጥንድ ከያዘ ጋር ቢጋጠም የሚያሸንፈው ከ100 ወደ 82 ጊዜ ያህል ነው። ይሁን እንጂ ጨዋታው በበዛ ቁጥር ዕድል እየተመጣጠነ ይሄድና ብልሃት ይለያል። እ.ኤ.አ. በ2017 በአሜሪካ አገር በፒትስበርግ ከተማ፣ ሊብራተስ የተባለ የኮምፒዩተር ፕሮግራም በ120,000 ዙር ጨዋታ አራት ባለሙያ ተጫዋቾችን ማሸነፉ ለዚህ ምስክር ነው። እንግዲህ ጓደኛችን «ያሸነፍሁት በዕውቀት ነው» ማለቱ ሐሰት አይደለም።

ነገር ግን ዕውቀት መሆኑ ብቻ ሥራ ያሰኘዋልን? አናጢ በዕውቀቱ ወንበር ሲሠራ ገንዘቡን የከፈለው ሰው ወንበሩን ይዞ ይሄዳል። መምህር ሲያስተምር ተማሪው ያልነበረውን ያገኛል። በፖከር ጠረጴዛ ላይ ግን የሚፈጠር ነገር የለም፤ አንዱ ያገኘው ሌላው ያጣውን ነው። አጫዋች ቤት ካለበትም፣ ቤቱ ድርሻውን ስለሚያነሣ ተጫዋቾቹ በድምሩ ይከስራሉ። ሁለት እኩል የሚያሰሉ ሰዎች ለረጅም ጊዜ ቢጫወቱ አንዱ ከሌላው የሚያተርፈው አይኖርም። ስለዚህ የብልኁ ትርፍ ምንጭ የራሱ ዕውቀት ብቻ ሳይሆን የባልንጀራው አለማወቅ ነው። ጨዋታውን እያወቀ በሄደ መጠን ከእርሱ የሚያንሰውን ሰው መፈለግ ግድ ይሆንበታል።

ጓደኛችን ይህን ሲሰማ፣ «በፈቃዱ መጥቶ ተቀመጠ እንጂ አላስገደድሁትም» አለን። እውነት ነው። እኛም አንድ ጥያቄ ብቻ አቀረብንለት፤ «ከመጫወታችሁ በፊት የ9ኙንና የ37ቱን ሒሳብ ብታስተምረው ኖሮ ይቀመጥ ነበርን?» ዝም አለ። ከብዙ ክርክር ይልቅ ያ ዝምታ አስተማረን። አናጢ ሙያውን ቢያስተምር ያው አናጢ ነው። የዚህ ጨዋታ ትርፍ ግን ሌላው ሰው ባወቀ ጊዜ የሚጠፋ ነው። ፈቃድስ ቢሆን፣ አንዱ የሚሆነውን እያየ ሌላው ሳያይ የተሰጠ ፈቃድ ምን ያህል ፈቃድ ነው?

ይህን ስንል ሒሳቡን መንቀፋችን አይደለም። እንዲያውም የዚህ ስሌት ታሪክ የሚያስደንቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1654 ሁለቱ ፈረንሳውያን ሊቃውንት፣ ፓስካልና ፌርማ፣ በደብዳቤ የተወያዩበት ጥያቄ «እንዴት እናሸንፍ?» የሚል አልነበረም። ሁለት ሰዎች እያንዳንዳቸው 32 ወርቅ አስይዘው ሦስት ጊዜ ቀድሞ ያሸነፈ 64ቱን ይውሰድ ተባብለው ሳለ፣ አንዱ ሁለት ሌላው አንድ ጊዜ እንዳሸነፈ ጨዋታው ቢቋረጥ፣ ገንዘቡን እንዴት ይካፈሉ? የፓስካል መልስ ይህ ነበር፦ የቀደመው ቀጣዩን ዙር ቢያሸንፍ 64ቱን ይወስዳል፤ ቢሸነፍ ደግሞ እኩል ስለሚሆኑ 32 አይቀርበትም። ስለዚህ 32ቱ የእርሱ ነው፤ የቀረውን 32 ግን እኩል ይካፈሉ። ለአንዱ 48፣ ለሌላው 16 ይደርሰዋል። ይህ ስሌት ስለ ቁማር ገንዘብ ይነሣ እንጂ፣ የጠየቀው ለእያንዳንዱ የሚገባውን ነበር።

ዕጣም ቢሆን በራሱ ክፉ አይደለም። እናቶቻችን በእቁብ ዕጣ ያወጣሉ። ዛሬ የደረሰው ይስቃል፤ ያልደረሰውም ተራውን ይጠብቃል። ዕድሉ የሚወስነው ማን ቀድሞ እንዲወስድ እንጂ ማን እንዲያጣ አይደለም፤ ሁሉም ቃሉን ከጠበቀ የከፈለውን ያህል ያገኛል። እድርም እንዲሁ ነው፤ ኀዘን በማን ቤት እንደሚገባ ስለማይታወቅ ሁሉም አስቀድሞ ያዋጣል። አያቶቻችን ይህን ያደረጉት ፕሮባቢሊቲ የሚባል ትምህርት ሳይማሩ ነው። ነገ ምን እንደሚመጣ አለማወቃችንን አንዱ ሌላውን የሚጥልበት ሳይሆን አንዱ ሌላውን የሚደግፍበት አደረጉት።

በሚቀጥለው እሑድ ጓደኛችን ገንዘቡን ይዞ መጣ። የተሸነፈው ልጅ አፍሮ አልቀበልም ቢለውም ግድ ብሎ ሰጠው፤ ከዚያም ያንኑ የ9ኙንና የ37ቱን ሒሳብ በወረቀት ላይ ጽፎ አስረዳው። ልጁ ወረቀቱን ደጋግሞ አይቶ፣ «እንዲህ መሆኑን ባውቅማ አልቀመጥም ነበር» አለ።

እኛ ወጣቶች ብዙ እንማራለን፤ ገና ብዙም እናውቃለን። ታዲያ አንድን ዕውቀት ለትርፍ ከመጠቀማችን በፊት፣ «ይህን የማውቀውን ባልንጀራዬ ቢያውቀው ደስ ይለኛልን? ወይስ እንዳያውቀው እመኛለሁ?» ብለን ራሳችንን እንጠይቅ። እንዳያውቀው የምንመኝ ከሆነ፣ ስሌታችን ምንም ያህል ትክክል ቢሆን፣ ከሒሳቡ ውስጥ ያልደመርነው አንድ ሰው አለ ማለት ነው።