ለብቻ የማይተው ጥፋት

ማታ 12 ሰዓት ላይ ሜክሲኮ አደባባይ ታክሲ መያዝ ድሮ የክርን ሥራ ነበር። ሚኒባሱ ገና ሳይቆም አንዱ በሩ ላይ ይንጠለጠላል፣ ሌላው በመስኮት ቦርሳ ወርውሮ ቦታ ይይዛል፤ ዘንቢል ያንጠለጠሉ እናት ደግሞ «ኧረ በወላዲቷ!» እያሉ ወደ ዳር ይገፋሉ። እኔም ከገፊዎቹ አንዱ ነበርኩ። አንዳንድ ቀን፣ በተለይ በጾም ወራት፣ «ዛሬስ አልጋፋም» ብዬ ለራሴ ቃል እገባና ዳር ይዤ እቆማለሁ። ሦስት ታክሲ ሞልቶ ይሄዳል። አራተኛው ሲመጣ ክርኔ ቃሌን ቀድሞ ይሰነዘራል።

ኋላ ሰልፍ መጣ። ሰዉ ያው ነው፣ ታክሲውም ያው፣ እጥረቱም ያው። ዛሬ ግን አንዱ ከመሀል ሊገባ ቢሞክር «ወንድሜ፣ ሰልፍ አለ እኮ!» ብሎ የሚቆጣው ያ ትናንት ክርኑን ሲሰነዝር የነበረው ሰው ነው። እናትየዋም ዘንቢላቸውን መሬት አሳርፈው ተራቸውን ይጠብቃሉ። ታዲያ ጨዋ የሆንነው መቼ ነው? እኛ ታርመን ነው ሰልፍ የያዝነው፣ ወይስ ሰልፉ ነው ያረመን?

ነገሩ ከታክሲ ጥበቃ የሰፋ ነው። በየቡናው ዙሪያና በየጠረጴዛው ላይ የሚነሳ የቆየ ክርክር አለ። አንደኛው ወገን «መጀመሪያ ራስህን አርም፤ አገር የሰዎች ድምር ናት» ይላል። ሌላው «ሥርዓቱ ካልተለወጠ ያንተ መታረም ባሕር ላይ ጨው መበተን ነው» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም ለነገራቸው ምስክር አያጡም።

የመጀመሪያው ወገን ምስክሩ «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች» የሚለው ተረት ነው። ስለ ሕዝብ ነፃነት ሌሊቱን ሲከራከር አድሮ፣ ቤቱ ሲገባ ሚስቱን አንድ ዓረፍተ ነገር የማያስጨርስ ሰው ሁላችንም እናውቃለን። የቤት ሠራተኛውን ደሞዝ ሁለት ወር አሳድሮ ስለ ድኻ መብት የሚጽፍም አይጠፋም። እንዲህ ያለው ሰው ማኅበረሰቡን ቢለውጥ የሚለውጠው በራሱ አምሳል ነው።

የሁለተኛው ወገን ምስክር ደግሞ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ነው። ይህን ተረት ቀረብ ብለን እንየው። ስለ ሌባው አንድ ቃል አይናገርም። የሚናገረው እጁን ሰብስቦ ስለኖረው ሹም ነው፤ እሱንም አያመሰግነውም፣ ሞኝ ይለዋል እንጂ። ሁሉም በሚበላበት ቢሮ አንድ ሰው ብቻውን ጾመኛ ቢሆን ባልደረቦቹ ይሸሹታል፣ አለቃው ይጠረጥረዋል፣ ዘመዶቹም «ምን ሠራህልን?» ይሉታል። ንጽሕናው ዋጋ የለውም ማለት አይደለም፤ ዋጋውን የሚከፍለው ግን እሱ ብቻ ነው።

እኔ ክርክሩ የማያልቀው ሁለቱም ወገኖች «ጥፋት» የሚለውን ቃል አንድ ነገር አድርገው ስለሚይዙት ይመስለኛል። ጥፋት ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ለብቻ የሚተው ነው። ስካርን፣ ውሸትን፣ ልጅ መደብደብን፣ ቀጠሮ ማፍረስን ዛሬ ብተው፣ ሰፈሩ ሁሉ ባይተው እንኳ፣ እኔ አተርፋለሁ፤ የቤቴም ሰው ያተርፋል። እዚህ ላይ «ሥርዓቱ ነው» የሚል ሰበብ ቦታ የለውም።

ሌላው ለብቻ የማይተው ነው። ግፊያው፣ ጉቦው፣ ለሠርግና ለተዝካር የሚገባበት ዕዳ ከዚህ ወገን ናቸው። ድግሱ ቤቱን እንደሚያራቁተው እያወቀ የሚደግስ አባት ዕውቀት አላነሰውም። «ጎረቤት ምን ይለኛል? ነገ ልጄን ማን ያገባታል?» የሚለው ፍርሃቱም ከንቱ አይደለም። ጥፋቱ በእሱ ልብ ውስጥ ብቻ አልተቀመጠም፤ እሱ ከጎረቤቱ፣ ጎረቤቱም ከእሱ በሚጠብቁት ነገር መካከል ነው የተቀመጠው። በሁለት ሰዎች መካከል የታሰረን ቋጠሮ ደግሞ አንዱ ብቻውን ቢጎትተው ይጠብቃል እንጂ አይፈታም።

ለዚህ ከአገራችን የማውቀው ጥሩ ማሳያ የከምባታው ነው። ቦጋለች ገብሬ በከምባታ የተወለደች፣ በልጅነቷ የተገረዘች፣ ለትምህርት በቅታ እስከ እስራኤልና አሜሪካ ድረስ ሄዳ የተማረች ሴት ነበረች። «ራስን ማሻሻል» የሚባለው ነገር በእሷ ላይ ከሞላ ጎደል ተፈጽሟል። በ1997 እ.ኤ.አ. ወደ አገሯ ተመልሳ ከእህቷ ጋር በከምባታ ሥራ ስትጀምር ግን ሽማግሌዎቹ የሰጧት የመጀመሪያ መልስ ስለ ግርዛት አልነበረም። ልጆቻቸው ትምህርት ቤት፣ ነጋዴዎቻቸው ገበያ የሚሻገሩበት ድልድይ እንደሚያስፈልጋቸው ነገሯት። እሷም ድልድዩን አሠራች። ሰዎቹ ጆሯቸውን የሰጧት ከዚያ በኋላ ነው።

ቀጥሎ የመጣው ስብከት አልነበረም። ወንድና ሴት፣ ሽማግሌና ወጣት፣ ገራዧም ጭምር አንድ ላይ ተቀምጠው ለወራት የሚነጋገሩበት ጉባኤ ነበር። ያልተገረዘችን ልጅ አደባባይ ላይ በክብር መዳር የተጀመረውም ከዚህ ወዲህ ነው። በ2002 እ.ኤ.አ. በተደረገ አንድ ሠርግ ሙሽራዋ አለመገረዟን የሚናገር ጽሑፍ አንጠልጥላ ብዙ ሕዝብ ፊት ቆማለች። ሠርጉ ይህን ያህል የከበደው ስለ ጤና አዲስ ነገር ስላስተማረ አይደለም። ብዙ እናቶች ጉዳቱን በገላቸው ያውቁት ነበር። ሠርጉ የነገራቸው፣ «ያልተገረዘች አታገባም» የሚለው ፍርሃት መሠረቱ መናዱን ነው። ዩኒሴፍ ያሳተመው ጥናት እንደሚለው በአካባቢው ግርዛትን የሚደግፈው ሕዝብ በ1999 እ.ኤ.አ. ከነበረበት 97 ከመቶ በ2008 እ.ኤ.አ. ከ5 ከመቶ በታች ወርዷል።

«ታዲያ ሕግ ለምን ተፈጠረ?» የሚል አይጠፋም። ሕግ ያስፈልጋል፤ በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕጋችንም የሴት ልጅ ግርዛትን ይቀጣል። ነገር ግን አዋጅ ብቻውን ሲደክም ታሪክ አሳይቷል። በቻይና የሴት ልጆችን እግር አጥፎ ማሰር ለብዙ መቶ ዓመታት የቆየ ልማድ ነበር። የማንቹ ነገሥታት በ17ኛው መቶ ዘመን በአዋጅ ሊከለክሉት ሞክረው አልተሳካላቸውም። በ19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ላይ ግን ወላጆች በማኅበር እየተደራጁ ሁለት ቃል ይገቡ ጀመር፤ የሴት ልጃችንን እግር አናስርም፣ ወንዱም ልጃችን እግሯ የታሰረ አያገባም። የሁለተኛው ቃል ብልሃት ይታየን። ሴት ልጁን ከሕመም ያዳነ አባት ባል እንዳያሳጣት ዋስትና የሚሰጠው ይኸው ቃል ነው። ልማዱም በአንድና በሁለት ትውልድ ዕድሜ ውስጥ አበቃ ማለት ይቻላል።

በዚህ ሐሳቤ ላይ ሁለት ብርቱ መቃወሚያዎች ይነሳሉ። አንደኛው «ይህ ለሰነፍ መደበቂያ ነው፤ ጉቦ የሚቀበለው ሁሉ ‹ለብቻዬ አልተውም› ይላል» የሚል ነው። እውነት ነው፣ ይላል። እኔ ግን ኃላፊነቱን አላነሳሁለትም፤ ቦታውን ቀየርኩት እንጂ። ለብቻ በሚተው ጥፋት የምንጠየቀው «ተውክ ወይ?» ተብለን ነው። ለብቻ በማይተው ጥፋት ደግሞ «አብሮህ የሚተው ሰው ፈለግህ ወይ? እድርህ ላይ አነሳኸው ወይ? መጀመሪያ ቃል የገባኸው አንተ ነህ ወይ?» ተብለን ነው። ይህ ጥያቄ ከመጀመሪያው አይቀልም። ሰበበኛውም የሚያዘው እዚህ ላይ ነው፤ «ሁሉም ያደርገዋል» ይላል እንጂ ማንንም ጠይቆ አያውቅም።

ሁለተኛው መቃወሚያ የበለጠ ይከብዳል፤ ሰዎች ለክፉም ይስማማሉ። ሌባ ከሌባ ቃል ይገባል፣ መንጋም የራሱ ሰልፍ አለው። መስማማት ብቻውን ነገርን መልካም ካላደረገው፣ መልካሙን ከክፉ የሚለየው ማን ነው? እዚህ ላይ «ራስህን መርምር» የሚለው ወገን ተገቢ ቦታውን ያገኛል። ጸሐፊው ማን እንደሆነ ሊቃውንት እስከ ዛሬ ቢከራከሩበትም፣ በዘርዓ ያዕቆብ ስም የሚታወቀው ሐተታ የሚነግረን ከስደት ሸሽቶ በተከዜ አቅራቢያ ዋሻ ውስጥ የኖረን ሰው ታሪክ ነው። በዚያ ዋሻ ሁሉም የተቀበለውን ነገር አንድ በአንድ በገዛ ልቡናው መረመረ። ያን ጊዜ ከጎረቤት ጋር ተስማምቶ ቢሆን ኖሮ የሚመረምረው ነገር ባልኖረ።

ይሁን እንጂ የዚያው መጽሐፍ ሁለት ገጠመኞች እኩል አይደሉም። ባለታሪኩ ከዋሻው ወጥቶ እንፍራዝ ሲኖር፣ ገረድ የነበረችውን ሒሩትን ሲያገባ ባልና ሚስት በጋብቻ እኩል ናቸውና ከእንግዲህ ገረድ አትባልም ብሎ በአሳዳሪዋ ፊት ተናገረ። ስለ እምነት የያዘውን ሐሳብ ግን ከሰው ሸሽጎ ኖረ፤ የጻፈውም በእርጅናው፣ ደቀ መዝሙሩ ቢለምነው ነው። የመጀመሪያው ምርመራ ሁለተኛ ሰው አግኝቶ ሕይወት ሆነ፤ ሁለተኛው ወረቀት ላይ ቀረ። አልፈርድበትም፤ ዘመኑ አስፈሪ ነበር። ነገር ግን የዋሻ እውነት ድልድይ እስኪሠራለት ድረስ አንድ ሰው ብቻ እንደሚያሻግር ከዚህ እንማራለን።

ስለዚህ «ከራስ ወይስ ከማኅበረሰብ?» ለሚለው ጥያቄ የእኔ ፍርድ ይህ ነው። ምን ስህተት እንደሆነ ለማወቅ ዋሻው ያስፈልጋል፤ እዚያ ማንም ሌላውን ሊተካ አይችልም። ለብቻ የሚተወውን ለመተው ማንንም መጠበቅ አያስፈልግም። ለብቻ የማይተወውን ለመተው ግን ጽድቅን ለብቻ መሸከም መድኃኒት አይሆንም፣ አዋጅ መጠበቅም እንዲሁ፤ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና።

አንባቢ ሆይ፣ በሚቀጥለው ጊዜ «ሁሉም እኮ እንዲሁ ነው» የሚለው ቃል ከአፍህ ሊወጣ ሲል ጥቂት ያዘው። ከእነዚያ «ሁሉም» ከምትላቸው ሰዎች መካከል ሦስቱን በስማቸው ጥራና ሄደህ ጠይቃቸው። ምናልባት እነሱም አንተን እየጠበቁ ይሆናል።