ከደወሉ በፊትና ከደወሉ በኋላ

ሰኔ 5 ቀን ነበር። ወሩ በገባ በአምስተኛው ቀን የመካኒሳ አቦ መንገድ ነጠላ በለበሱ ምእመናን እንደሚሞላ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። እኔም ተሳልሜ ስመለስ ያካፋ የነበረው ዝናብ ስለ በረታብኝ፣ ታክሲ ከሚቆምበት አጠገብ ካለች አንዲት ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ተጠለልሁ። ስምንት የሚሆኑ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ከእኔ ቀድመው ተጠልለው ኖሮ፣ ዝናቡን ከቁም ነገር ሳይቈጥሩ በታላቅ ክርክር ላይ ነበሩ። ከንግግራቸው እንደ ተረዳሁት የባዮሎጂ ፈተና ፈጽመው መውጣታቸው ነው።

«ሃያ ሦስተኛውን ምን ብላችሁ ሞላችሁ?» ብሎ አንደኛው ሲጠይቅ ነገሩ ገነፈለ። ጥያቄው፣ ቀይ የደም ሴል ንጹሕ ውሃ ውስጥ ቢገባ ምን ይሆናል የሚል ነበረ። ስድስቱ «ይኮማተራል፤ መልሱ ኤ ነው» ሲሉ ተስማሙ። ከእነሱም መካከል አንደበተ ርቱዕ የሆነው ልጅ፣ «ጨው ያለበት ነገር ውሃ ውስጥ ሲገባ ጨዉ እየሟሟ ይወጣል፤ ጨዉ ከወጣ ደግሞ ሴሉ ያንሳል እንጂ አይጨምርም» ሲል አስረዳ። ከግድግዳው ጥግ የቆመች አንዲት ልጅ ብቻ «እኔስ ያብጣል ብዬ ነው የሞላሁት» ብትል ሁሉም ሳቁባት። ልጅቱም ፊቷ ቀላ፤ «እንግዲያው ተሳስቼ ይሆናላ» ብላ ዝም አለች። ስምንተኛው ደግሞ ሁለት ጆሮዎቹን በመዳፎቹ ደፍኖ፣ «ኧረ ስለ አቦ ብላችሁ ተዉኝ! ነገ ሒሳብ አለብን፤ ያለፈውን ምን ትጎረጉሩታላችሁ?» እያለ ይለምናቸው ነበር።

ይህን ስመለከት አንድ ጥያቄ በኅሊናዬ ተነሣ። ከአንድ ሰዓት በፊት በመፈተኛው ክፍል ውስጥ ሳሉ፣ ከእነዚህ ልጆች አንዱ ወደ ጎረቤቱ ዘንበል ብሎ «ሃያ ሦስተኛው ምንድር ነው?» ቢል ኖሮ ወረቀቱ ይቀማ፣ ወላጁም ይጠራ ነበር። አሁን ግን ያንኑ ቃል በበረንዳ ላይ ጮኾ ሲናገር የሚቆጣው የለም፤ አስተማሪው ቢሰማውም ደስ ሳይለው አይቀርም። ቃሉ ያው ነው፤ ተናጋሪውም ያው ነው፤ የሚፈለገውም እውነት ያው ነው። በመካከሉ የተደወለ አንድ ደወል በደሉን ወደ ትጋት የለወጠው በምን ኃይል ነው?

«ደንቡ ስለሚከለክል ነው» የሚል ይኖራል፤ ነገር ግን ደንቡ ራሱ ለምን እንደ ከለከለ ካልተነገረን ጥያቄው ባለበት ነው። «የሌላውን ዕውቀት መስረቅ ስለ ሆነ ነው» የሚልም አለ፤ ይህም ቢሆን ብዙ አያራምድም። ዕውቀት እንደ ጤፍ ተሰፍሮ የሚጎድል አይደለምና፣ ጓደኛዬ ወድዶና ፈቅዶ ወረቀቱን ቢያሳየኝ ከእሱ ምን ጎደለበት? በእርግጥ ደክመው ያጠኑ ሌሎች ተፈታኞች ይበደላሉ፤ ይህ የማይካድ ነው። ሆኖም ከዚህ የጠለቀ ሌላ ምክንያት እንዳለ የተረዳሁት ከገዛ ራሴ ታሪክ ነው።

በተማሪነቴ ዘመን በአንድ የባዮሎጂ ፈተና ላይ ደምን ወደ መላው ሰውነት የሚገፋው የልብ ክፍል የትኛው ነው ተብዬ ተጠየቅሁ። ግራው ነው ወይስ ቀኙ እያልሁ ሳመነታ ዐይኔ ሳላዝዘው ወደ ጎረቤቴ ወረቀት ሄደ (ዐይኔን አላዘዝሁትም ማለቴን አንባቢ በትዕግሥት ይለፈኝ)። እሱ የግራውን ታችኛ ክፍል መርጦ ነበር፤ እኔም ያንኑ ጻፍሁ፤ ትክክልም ሆነ። ማርኩን አገኘሁ። ነገር ግን በዚያች ሰዓት መልሱን አውቀው ነበርን, ወይስ አላውቀውም ነበር? እስከ ዛሬ ድረስ ይህን መመለስ አልችልም። ምናልባት ጥቂት ብታገሥ ራሴ ወደዚያው እደርስ ነበር፤ ምናልባትም አልደርስም። ከጓደኛዬ የወሰድሁት አንዲት ፊደል ነበረች፤ በለውጡ የሰጠሁት ግን ስለ ራሴ ልናገረው የምችለውን ቃል ነው። ተመልሼ የምጠይቀው ሰው የለኝም፤ ሊመሰክርልኝ ይችል የነበረው ብቸኛ ሰው እኔ ነበርሁና።

ቋንቋችን በዚህ ነገር ከእኛ ቀድሞ ያሰበ ይመስላል። ተማሪዎቹ በበረንዳው ላይ ያደርጉት የነበረውን «ማመሳከር» እንለዋለን፤ ቃሉም ከ«መሰከረ» የወጣ ነው። ለማመሳከር አስቀድሞ ምስክር ሊኖር ይገባል። በሶስና ታሪክ ነቢዩ ዳንኤል ሁለቱን ሽማግሎች ለያይቶ፣ ከየትኛው ዛፍ ሥር እንዳዩአት ለየብቻ ቢጠይቃቸው፣ አንዱ አንድ ዛፍ ሲጠራ ሁለተኛው ሌላ ጠርቶ ሐሰታቸው ተገለጠ። ሳይለያያቸው ጠይቆ ቢሆን ኖሮ ሁለተኛው የፊተኛውን ዛፍ ይደግም፣ ንጹሕቱም ሴት ትሞት ነበር። በፍርድ ቤትም ተራው ያልደረሰ ምስክር ከችሎት ወጥቶ የሚቈየው ስለዚሁ ነው። ሃያ ሰዎች አንዱ የተናገረውን ቢደግሙት ምስክርነቱ የአንድ ሰው እንጂ የሃያ አይሆንም። እንግዲህ ደወሉ የሚለየው ይህን ነው፤ ከደወሉ በፊት እያንዳንዱ ቃሉን ይሰጣል፤ ከደወሉ በኋላ ቃልና ቃል ይመሳከራል። ቅደም ተከተሉ ከተፋለሰ ሁለቱም ይጠፋሉ።

ይህ የልጆች ነገር ብቻ እንዳይመስለን፣ በዚያው በባዮሎጂ ሊቃውንት መካከል የሆነውን ልንገራችሁ። ቴዎፍሎስ ፔይንተር የተባለው አሜሪካዊ ሊቅ የሰው ሴል ስንት ክሮሞዞም እንዳለው ለማወቅ ሲቈጥር፣ በመጀመሪያ በ46ና በ48 መካከል አመንትቶ፣ በመጨረሻ በኤውሮፓ አቆጣጠር በ1923 48 ነው ሲል ጻፈ። ክሮሞዞሞቹ እርስ በርሳቸው ተደራርበው ይታዩ ስለ ነበር መሳሳቱ አያስወቅሰውም። የሚያስገርመው ከእሱ በኋላ የሆነው ነው። ከሠላሳ ዓመት በላይ ብዙ ሊቃውንት እየቈጠሩ 48 አገኙ። በ1952 ሹ የተባለው ተመራማሪ ሴሎቹ በስሕተት ውሃ በበዛበት ፈሳሽ ስለ ታጠቡ አብጠው፣ ክሮሞዞሞቹም ተበታትነው ጥርት ብለው ታዩት፤ እሱም ቢሆን 48 ነው አለ። በስዊድን አገር ደግሞ አንድ የተመራማሪዎች ቡድን ደጋግሞ ቢቈጥር ከ46 በላይ ስላላገኘ፣ ጉድለቱ የራሱ መስሎት ሥራውን አቋረጠ። በመጨረሻ በጃቫ የተወለደው ጆ ሂን ቺዮ በታኅሣሥ ወር 1955 በስዊድን በሉንድ ከተማ ቈጥሮ 46 አገኘ፤ ከአልበርት ሌቫን ጋር ሆኖም በ1956 አሳተመው። ከዚያ በኋላ የሚቈጥር ሁሉ 46 ያይ ጀመር።

እንግዲህ በእነዚያ ሠላሳ ዓመታት ስንት ምስክር ነበረ? በቁጥር ብዙ፤ በእውነቱ ግን አንድ ፔይንተር ብቻ። ሌሎቹ በማጉያው መነጽር ከማየታቸው በፊት የጎረቤታቸውን ወረቀት አይተው ነበር። እኔን ይበልጥ የሚያሳዝኑኝ ግን የተሳሳቱት አይደሉም፤ በትክክል ቈጥረው ሳለ በገዛ ዐይናቸው አፍረው ሥራውን የተዉት ናቸው።

በአገራችንም ይህ ጉዳይ የመንግሥትን እጅ የሚያስዘረጋ ሆኗል። በ2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና አስቀድሞ ስለ ወጣ ተሰርዞ በሌላ ጊዜ እንዲሰጥ ተደረገ። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ተፈታኞቹ ከየትምህርት ቤታቸው ወጥተው ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ተወስደው ሲፈተኑ፣ ከመቶ ኀምሳና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። ስለዚህ ቁጥር ብዙ ተብሏል፤ ኩረጃ ስለ ቀረ ነው ያሉ አሉ፤ የትምህርቱን ድካም ያሳያል ያሉም አሉ። ሁለቱ አባባሎች የሚጣሉ አይመስለኝም። መራራ ቢሆንም ምስክሮቹ ተለያይተው የተሰማ ቃል ነውና፣ አስተማሪም ሆነ ሹም ሊያስብበት የሚችለው በእንዲህ ያለው ነው።

ወደ በረንዳው ልመለስ። ልጅቱ ዝም ብላ ስትቆም ሳያት ዝም ማለት አልሆነልኝም። ወረቀቷ ከእጇ ስለ ወጣ እዚያ ላይ የጻፈችውን ማንም አይፍቀውም፤ በልቧ የጻፈችውን ግን ልትፍቀው ነው። «ልጄ፣ ለምን ያብጣል አልሽ?» አልኋት። «እንጃ አባባ» አለች በለሆሳስ፤ «እናቴ ለበቆልት ባቄላ ስትነክር ያብጣል እንጂ አይኮማተርም ብዬ ነው።» እርግጥ ደረቅ ባቄላ ውሃ የሚመጥበት ነገር ከደም ሴሉ ጋር በሁሉ አንድ አይደለም፤ ነገር ግን ይህ ልጅቱ በዐይኗ አይታ ያመጣችው ነው። አንደበተ ርቱዑን ልጅ ደግሞ «አንተስ ከየት አገኘኸው?» ብለው «ከደብተሬ» አለ። የቀሩትም አምስቱ ለፈተናው ያጠኑት ከዚያው ከእሱ ደብተር ኖሯል!

ከመካከላቸው አንዱ መጽሐፉን ከቦርሳው አውጥቶ ገለጠ። የሴሉ ሽፋን ውሃውን በቀላሉ ሲያሳልፍ ጨዉን ግን እንደ ልብ አያሳልፍም፤ ስለዚህ ውሃው የሟሟ ነገር ወደ በዛበት ወደ ውስጥ ይገባል፤ ሴሉም አብጦ ይፈነዳል። በሐኪም ቤት በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ ንጹሕ ውሃ እንዳይሆን የሚደረገውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ከተለመዱት አንዱ በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ 0.9 ግራም ጨው አለው። ባለደብተሩ ልጅ መስመሩን ሁለት ጊዜ በጣቱ እየተከተለ አነበበው፤ ከዚያም እስክሪብቶ ተበድሮ፣ ዝናቡ እንዳይነካበት በክንዱ ጋርዶ፣ ደብተሩን ማረም ጀመረ።

በዚህ መካከል ወደ ሳር ቤት የሚሄድ ታክሲ ደርሶ ተጋፍተው ገቡ። ጆሮውን ደፍኖ የነበረው ልጅ የመጨረሻው ነበር። አንድ እግሩን ወደ ውስጥ አስገብቶ ረዳቱ «ግባ እንጂ!» እያለ ሲቆጣው፣ ወደ እኔ ዘወር ብሎ «አባባ፣ ለመሆኑ ያብጣል ነው የተባለው?» ሲል ጠየቀኝ።