ውለታና መሐላ፤ የምፌንጉ ሕዝብ ታሪክ የሚያነሣው ጥያቄ

ሰው ስሙን ራሱ አያወጣም፤ ሌላ ያወጣለታል። ይህ በግለሰብ ሲደርስ የተለመደ ነው። በሕዝብ ላይ ሲሆን ግን ስም ማውጣት የሥልጣን ሥራ ይሆናል። በደቡብ አፍሪካ በምሥራቅ ኬፕ የሚኖረው የምፌንጉ ሕዝብ መጠሪያ የተገኘው በኮሳ ቋንቋ «ኡኩፌንጉዛ» ከሚለው ግሥ ነው፤ መጠጊያና ሥራ ፍለጋ መንከራተት ማለት ነው። እንግዲህ ይህ ስም የአባት ስም አይደለም፤ የአገርም ስም አይደለም። አንድ ቀን በሰው ደጅ የቆሙበት ሁኔታ ስም ነው። እንግሊዞች ደግሞ በራሳቸው አፍ «ፊንጎ» አሉትና በመዝገብ አሰፈሩት። ሁኔታው ካለፈ በኋላ ስሙ ለምን አላለፈም?

ነገሩ የሚጀምረው በአሥራ ዘጠነኛው ምዕት ዓመት መጀመሪያ ነው (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ዛሬ ክዋዙሉ ናታል በሚባለው ምድር ጦርነትና ረሀብ በነገሠበት ጊዜ ህሉቢ፣ ቤሌ፣ ዚዚ የሚባሉና ሌሎችም ነገዶች ተፈናቅለው ወደ ደቡብ ምዕራብ ፈለሱ። እያንዳንዱ ነገድ የየራሱ አለቃ፣ የየራሱ የትውልድ ሐረግና የአባቶች ውዳሴ ነበረው። ከኬይ ወንዝ ማዶ የጋሌካ ኮሳዎች ንጉሥ ሂንትሳ ተቀበላቸው። አቀባበሉም በአገሩ ልማድ ነበር፤ ከብት የሌለው ሰው የባለጠጋን ከብት ይጠብቃል፣ ወተቱን ይጠጣል፣ ውሎ አድሮም የራሱን ጥሪት ያበጃል።

ወተቱን የሚጠጣ፣ ላሚቱን ግን የእኔ ናት ሊል የማይችል ሰው ባሪያ ነውን ወይስ ዘመድ? የወንጌል መልእክተኛው ጆን አይሊፍ ባርነት ነው ብሎ ፈረደ። የሂንትሳ ሰዎች መጠጊያ ሰጥተን አሳደርናቸው ባዮች ናቸው። ሁለቱም ምስክሮች የሚናገሩት ስለ አንድ በረት መሆኑ መዘንጋት የለበትም። ጥገኝነት እንደዚህ ነው፤ ከላይ ለሚመለከተው ቸርነት፣ ከታች ለሚሸከመው ቀንበር። የምስክሮቹን ጥቅም መመርመርም ያስፈልጋል፤ «ባሮች ነበሩ» የሚለው ቃል ለኬፕ ቅኝ ግዛት መንግሥት ወረራን ወደ ነፃ አውጪነት የሚለውጥ ቃል ነበርና።

በታኅሣሥ 1834 ጦርነት ተነሣ። በተከታዩ ዓመት አገረ ገዢው ቤንጃሚን ደርባን ሠራዊቱን አስከትሎ ኬይን ተሻገረ። ለድርድር የመጣው ሂንትሳ ተይዞ ቆየና ግንቦት 12 ቀን 1835 ሊያመልጥ ሲሞክር ተገደለ፤ ሬሳውም ተቆራረጠ። በዚያው ሰሞን ከዐሥራ ስድስት ሺህ የሚበልጡ ምፌንጉዎች፣ ከጋሌካ የተወሰደ እጅግ ብዙ ከብት እየነዱ፣ በእንግሊዝ ጦር ጥበቃ ወንዙን ወደ ቅኝ ግዛቱ ተሻገሩ። ትውፊቱ እንደሚለው በ14ኛው ቀን ፔዲ በተባለው ቦታ አጠገብ ከአንድ ዛፍ ሥር ሦስት ነገር ማሉ፤ ለእንግሊዝ ንጉሥ ሊታመኑ፣ የወንጌል መልእክተኞችን ሊደግፉ፣ ልጆቻቸውን ሊያስተምሩ።

ያስጠለለው በ12 ሞተ፣ የተጠለለው በ14 ማለ። በኮሳዎች ትዝታ ውስጥ የቀረው ይህ የሁለት ቀን ልዩነት ነው። ሆኖም ውለታ የማይከፈል ዕዳ ከሆነ፣ ተቀባዩ ለዘለዓለም የሰጪው ንብረት ሆነ ማለት ነው። ምፌንጉዎች ከጥገኝነት ለመውጣት መብት ነበራቸው። ነቀፌታው ያለው በመውጣታቸው ሳይሆን በወጡበት በር ላይ ነው፤ የራሳቸውን ነፃነት የተቀበሉት ሌላውን ከሚወርረው እጅ ነበር። በረሀብና በጦርነት የተባረረ ሰው በር ለመምረጥ ምን ያህል ፋታ እንዳለው ደግሞ በሞቀ ቤት ተቀምጦ መፍረድ ይቀልላል።

ጥያቄውን የሚያወሳስብ ሌላ ነገር አለ። ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ጁሊያን ኮቢንግ፣ ከእርሱም በኋላ አለን ዌብስተር የተባሉ የታሪክ ተመራማሪዎች የቆየውን ትረካ ተቃወሙ። እንደ ዌብስተር አባባል «ፊንጎ» ከተባሉት ብዙዎቹ ከናታል የመጡ ስደተኞች ሳይሆኑ በጦርነቱ ተማርከው ወይም ተጠግተው ለቅኝ ገዢዎች እርሻ ጉልበት የሆኑ ኮሳዎች ናቸው። ይህ በሙሉ ተቀባይነት አላገኘም፤ የህሉቢና የዚዚ የትውልድ ሐረግ በአንድ አገረ ገዢ ብዕር አልተፈጠረምና። ነገር ግን በከፊል እንኳ እውነት ከሆነ፣ ስሙ ሕዝቡን ተከትሎ የመጣ ሳይሆን ሕዝቡን የሠራ ስም ነው።

የታማኝነት ደመወዝ ምን ነበር? በ1846 እና በ1850 በተነሡት ጦርነቶች ከእንግሊዝ ጎን ተሰለፉ። በ1856 እና 57 በኖንቃውሴ ትንቢት ኮሳዎች ከብታቸውን ሲያርዱ ምፌንጉዎች በአመዛኙ አላረዱም፤ ከዚያም በኋላ በ1860ዎቹ ከኬይ ማዶ፣ የጋሌካ በነበረው መሬት ላይ ሰፈሩ። እዚያም በ1877 በአንድ የምፌንጉ ሠርግ ላይ የጋሌካ እንግዶች ከባለቤቶቹ ጋር ተጣሉና የመጨረሻው የድንበር ጦርነት ፈነዳ። አስተናጋጁ ምፌንጉ፣ እንግዳው ጋሌካ መሆኑ ልብ ይሏል! እንደ ልማዳቸው ለእንግሊዝ ተዋጉ። በ1878 ትጥቅ የማስፈታት ሕግ ሲወጣ ግን የታማኙም ጠመንጃ ተሰበሰበ።

ከሦስቱ ቃል ኪዳኖች ለራሳቸው የዋለው ሦስተኛው ነው። የብላይዝዉድን ትምህርት ቤት ለማቋቋም ገንዘብ ያዋጡት ራሳቸው ገበሬዎቹ ነበሩ። ከምፌንጉ ወገን የተወለደው ጆን ቴንጎ ጃባቩ በ1884 «ኢምቮ ዛባንትሱንዱ» የተባለውን ጋዜጣ በኮሳ ቋንቋ መሠረተ፤ በ1916 ለተከፈተው የፎርት ሄር ኮሌጅም ደከመ። ሆኖም ይኸው ሰው ጥቁሮችን ከመሬታቸው የነቀለውን የ1913 ሕግ ደገፈ። በ1914 ደግሞ ከዋልተር ሩቡሳና ጋር ለአንድ ወንበር ተወዳድሮ ድምፁ ሲከፈል ወንበሩን ነጭ ወሰደው። በዚያ ዘመን የሁለቱን ደጋፊዎች ምፌንጉና ኮሳ ብሎ መለየት የተለመደ ነበር፤ ቋንቋቸው ግን አንድ ነበር፣ ተጋብተዋልም። በ1970ዎቹም በሲስካይ የአፓርታይድ «ባንቱስታን» ውስጥ የሌኖክስ ሴቤና የጀስቲስ ማባንድላ የሥልጣን ሽኩቻ ይህንኑ አሮጌ መስመር ተከተለ። ልዩነቱ በደም ውስጥ ሳይሆን በአስተዳደሩ መዝገብ ውስጥ ይበልጥ ሕያው ነበር።

ለታማኝነታቸው ዋጋ በቅኝ ግዛቱ ዘመን በትሲትሲካማ መሬት የተሰጣቸው ምፌንጉዎች በ1977 በአፓርታይድ መንግሥት ተነቅለው በሲስካይ፣ በኪስካማሁክ አካባቢ እንዲሰፍሩ ተደረገ። መሬታቸው ለነጭ ገበሬዎች ተላለፈ። የአያቶቻቸውን መሐላ የጠየቀ ባለሥልጣን አልነበረም። በ1994 መሬቱ ሲመለስላቸው ከተፈናቃዮቹ ብዙዎቹ አርጅተዋል፤ የተመለሱትም በ1835 ሳይሆን በ1977 ስለ ተወሰደባቸው ነገር ይናገሩ ነበር።