አደራና አደባባይ

ኪነ ጥበብ ከተወለደበት ቦታ ተነሥቶ ወደ ሰፊ አደባባይ ሲወጣ ያተርፋል ወይስ ይጎድላል? ጥያቄው ቀድሞም የነበረ ነው። ሆኖም በአፍሪካ ከተሞች የሙዚቃ በዓላት እየበዙ፣ የመንደሩ ከበሮና የከተማው ጊታር በአንድ መድረክ ላይ ጎን ለጎን እየቆሙ በሄዱ መጠን ጥያቄው ከሐያስያን ክርክር አልፎ የሥነ ምግባር ጥያቄ ሆኗል። የሚነካው የዜማን ውበት ብቻ አይደለምና። ባለቤትነትን ይነካል፤ ፈቃድን ይነካል፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ትውልድ ለትውልድ ያለበትን ዕዳ ይነካል።

እ.ኤ.አ. በ1966 በዳካር፣ በ1969 በአልጀርስ፣ በ1977 ደግሞ በሌጎስ የተደረጉት ታላላቅ በዓላት መንግሥታት ያዘጋጇቸው ነበሩ። ከቅኝ አገዛዝ የተላቀቀ አህጉር የራሱን መልክ ለራሱም ለዓለምም የሚያሳይባቸው መድረኮች ስለነበሩ፣ በዚያን ጊዜ ዋናው ጥያቄ «እኛ ማን ነን?» የሚል ነበር። ከእነርሱ በኋላ የመጡት በዓላት አብዛኛዎቹ ጠበብ ያሉ፣ በአንድ ከተማ የተወሰኑና በየዓመቱ የሚመላለሱ ናቸው። በእነዚህ ዘንድ ጥያቄው ተለውጦ «የያዝነውን ለማን፣ እንዴት እናሳልፈው?» ወደሚል ተሸጋግሯል። ይህን ጉዳይ ለመመርመር ከዛንዚባር የሚሻል ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

በዛንዚባር ደሴት፣ ስቶን ታውን በሚባለው አሮጌ የድንጋይ ከተማ፣ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ በየካቲት ወር መባቻ ገደማ «ሳውቲ ዛ ቡሳራ» የተሰኘ የሙዚቃ በዓል ይከበራል። ስሙ በስዋሂሊ ቋንቋ «የማስተዋል ድምፆች» ማለት ነው። የበዓሉ ዋና መድረክ የሚተከለው በአሮጌው ምሽግ ግቢ ውስጥ ነው። ምሽጉን ያቆሙት ፖርቱጋሎችን ያባረሩት የኦማን ዓረቦች ሲሆኑ፣ ቦታው ቀድሞ የፖርቱጋሎች ቤተ ክርስቲያን የነበረበት ነው። በ19ኛው ምዕተ ዓመት ደግሞ ወህኒ ቤት ሆኖ አገልግሏል። ከዚያ ጥቂት ራቅ ብሎ እ.ኤ.አ. በ1873 የተዘጋው የባሪያ ገበያ ይገኛል። እንግዲህ ዘፋኙ ድምፁን የሚያሰማው ጸሎት፣ ጦርነት፣ እስርና የሰው ልጅ ንግድ በተፈራረቁበት ምድር ላይ ነው። እንዲህ ባለ ቦታ የሚደረግ ጭፈራ ከትዝታ ነጻ ሊሆን አይችልም።

በዓሉ ነባሩንም ዘመናዊውንም ሙዚቃ አንድ ላይ ያቀርባል። ይህ ቅንጅት ከሁለት ወገን ተቃራኒ አስተያየት ሊሰነዘርበት ይችላል። አንደኛው ወገን «ነባሩ ሙዚቃ ከዘመናዊው ጋር ሲቀላቀል ይበረዛል፤ ከሥርዓቱ ሲለይም ይሞታል» ይላል። ሌላው ወገን በበኩሉ «ሙዚቃ ድንበር የለውም፤ የሰማው ሁሉ ባለቤቱ ነው፤ የፈለገ ይውሰድ፣ የፈለገም ይቀላቅል» ይላል። ሁለቱም ከእውነት ቁራሽ ይዘዋል፤ ሁለቱም ግን ዋናውን ነገር ስተዋል።

የመጀመሪያውን ወገን የምትመልሰው ራስዋ ዛንዚባር ናት። የደሴቲቱ መለያ ሆኖ ዛሬ በጎብኚም በነዋሪም ዘንድ «ነባር» ተብሎ የሚከበረው ሙዚቃ ታራብ ይባላል። ይሁንና ታራብ በአንድ ወቅት በአገሩ እንግዳ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1870 እስከ 1888 የገዙት ሱልጣን ባርጋሽ ቢን ሰዒድ ከግብፅ ሙዚቀኞችን እንዳስመጡ፣ ከደሴቲቱም አንድ ሰው ወደ ካይሮ ልከው ቃኑን የተባለውን ባለብዙ አውታር መሣሪያ እንዲማር እንዳደረጉ ይተረካል። ዑዱና ቃኑኑ የቤተ መንግሥት መሣሪያዎች፣ ግጥሙም ዓረብኛ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1905 «ኢኽዋኒ ሳፋ» የተባለው የሙዚቃ ማኅበር ሲቋቋም ሙዚቃው ከቤተ መንግሥት ወደ ከተማው ወጣ፤ ቢሆንም ገና የሕዝብ ሁሉ አልነበረም።

የሕዝብ ያደረጉት ሲቲ ቢንቲ ሳዓድ ናቸው። ሲቲ እ.ኤ.አ. በ1880 ገደማ በፉምባ መንደር ከባርነት ሥር ከመጣ ቤተሰብ ተወለዱ፤ በወጣትነታቸውም የሸክላ ዕቃ እየዞሩ ይሸጡ ነበር። ወደ ከተማ ገብተው ታራብን ከተማሩ በኋላ የሱልጣኖቹን ዜማ በስዋሂሊ ዘፈኑት። እ.ኤ.አ. በ1928 ወደ ቦምቤይ ተጉዘው ድምፃቸውን በሸክላ አስቀረጹ። ከዘፈኖቻቸውም አንዱ ሴት ልጅ ተገድላ ገዳዩ አምልጦ ሌሎች የተቀጡበትን የፍርድ መጓደል የሚያነሣ ነው። ከባዕድ አገር የመጣ የቤተ መንግሥት መዝናኛ፣ በአንዲት ሸክላ ሻጭ ጉሮሮ በኩል አልፎ የድሃ አቤቱታ ሆነ ማለት ነው። በዚያን ዘመን «ታራብ በዓረብኛ ካልሆነ ይበረዛል» የሚል ጠባቂ በሩን ዘግቶባቸው ቢሆን ኖሮ፣ ዛሬ ጥበቃ የሚደረግለት ነባር ሙዚቃ ባልተገኘ ነበር። መለወጥ ስለዚህ በራሱ ክህደት አይደለም። ትናንት የተደፈረው አዲስ ነገር ነው ዛሬ ነባር የተባለው።

ሁለተኛው ወገን ይህን ሲሰማ ደስ ይለው ይሆናል። «እንግዲያስ ሁሉም ነገር ቅልቅል ከሆነ ባለቤት የሚባል የለም» ሊል ይችላል። ግን እዚህ ላይ ነው መለየት የሚያስፈልገው። ሲቲ ታራብን ሲወስዱ ተምረው ወሰዱት፤ ከወሰዱም በኋላ በውስጡ ኖሩበት፤ ሕዝባቸው የሚናገርበትን ቋንቋና የሚያመውን ነገር ጨመሩበት። ካገኙት ይልቅ አብዝተው አስረከቡ። አንድ ሰው ዜማን ለአንድ ምሽት ጭብጨባ ወስዶ ከምንጩ ጋር ሳይተዋወቅ ቢሄድ ግን ሥራው ፈጽሞ የተለየ ነው። ከውጭ ሲታዩ ሁለቱም «መቀላቀል» ናቸው፤ በሥነ ምግባር ሚዛን ግን አንደኛው መውረስ፣ ሁለተኛው መንጠቅ ነው።

በአማርኛ ይህን ልዩነት የሚገልጽ ቃል አለን፤ እርሱም አደራ ነው። አደራ ስጦታ አይደለም፤ ስጦታን ተቀባዩ እንዳሻው ያደርገዋልና። አደራ ብድርም አይደለም፤ ብድር ለሰጪው ተመልሶ ያበቃልና። አደራ ተቀባዩ የሚጠብቀው፣ የሚጠቀምበት፣ ቢችል የሚያሳድገው፣ በመጨረሻም ለሚገባው የሚያስረክበው ነገር ነው። አደራ በላ የሚባለውም ይህን ሰንሰለት የቆረጠ ሰው ነው። ትውፊት በዚህ ዓይን ሲታይ ጥንታዊነቱ ዋና ነገር መሆኑ ይቀራል። የመቶ ዓመት ዜማ አደራው ከተበላ ሙት ነው፤ የትናንት ዜማ አደራው ከተጠበቀ ሕያው ነው።

ይህ መልስ ቀላል ቢመስልም ፈተና አለበት። የፈተናው ስም ቢ ኪዱዴ ነው። ቢ ኪዱዴ በመባል የሚታወቁት ፋቱማ ቢንቲ ባራካ የተወለዱበት ዓመት በእርግጥ አይታወቅም፤ ያረፉት እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 17 ቀን 2013 ነው። ታራብን በሲቲ ቢንቲ ሳዓድ ፈለግ ዘፍነዋል፤ በ«ሳውቲ ዛ ቡሳራ» መድረክም በተደጋጋሚ ቀርበዋል። ከታራቡ ሌላ ግን የኡንያጎ መሪ ነበሩ። ኡንያጎ ልጃገረዶች ለአካለ መጠን ሲደርሱ አሮጊቶች ስለ ትዳር፣ ስለ ገላቸውና ስለ ሴትነት የሚያስተምሩበት፣ ወንድ የማይገባበት የምሥጢር ሥርዓት ነው። ትምህርቱ የሚሰጠው በከበሮ፣ በዘፈንና በውዝዋዜ ነው። ቢ ኪዱዴ ያን ከበሮ በእግራቸው መካከል አቁመው በአደባባይ መቱት፤ ወንድና ሴት፣ የአገር ልጅና የውጭ ሰው እኩል ሰማ።

ልክ ሠሩ ወይስ ተሳሳቱ? «አሮጊቲቱ የራሳቸውን ከበሮ መቱ፤ ማን ይከለክላቸዋል?» ማለት በቂ አይደለም። ከበሮው የእርሳቸው ብቻ አልነበረምና። ለእርሳቸው ያስተማሩ የሞቱ ሴቶች አሉ፤ ከእርሳቸው የሚጠብቁ ያልተወለዱ ልጆችም አሉ። የአደራ ክብደት ይህ ነው፤ ሰጪውም ተቀባዩም በቦታው ተገኝተው ሊናገሩ አይችሉም። በመካከል የቆመው ሰው ብቻውን ይወስናል። በሌላ በኩል ደግሞ «ምሥጢር ነውና በጎጆ ይቅር» ማለትም ንጹሕ ፍርድ አይሆንም። ልጃገረዶች ወደ ዘመናዊ ትምህርት ቤት በሚሄዱበት፣ አሮጊቶችም አንድ በአንድ በሚያልፉበት ዘመን፣ በጎጆ የቀረ ከበሮ ከመጨረሻዋ መሪ ጋር ሊቀበር ይችላል። ምሥጢርን እስከ መቃብር መጠበቅም አደራን ለሚገባው አለማስረከብ ነው።

በዚህ ጽሑፍ አቅራቢ አስተያየት፣ መልሱ የሚገኘው መድረክ ሊሸከም የሚችለውንና የማይችለውን ለይቶ በማወቅ ላይ ነው። መድረክ የከበሮውን ምት ሊሸከም ይችላል። አንዲት አሮጊት ለአንዲት ልጅ በጆሮዋ የምትነግራትን፣ ቀናት ፈጅቶ የሚሰጠውን ምክር ግን አይሸከምም። በስዋሂሊ «ንጎማ» የሚለው ቃል ከበሮውንም፣ ጭፈራውንም፣ የሚጨፈርበትን ዝግጅትም በአንድነት ይጠራል። ቋንቋው ራሱ ሦስቱን ለያይቶ አያውቃቸውም። በዓል ግን ይለያያቸዋል፤ ድምፁን ወስዶ ሥርዓቱን በስፍራው ይተወዋል። ስለዚህ በበዓሉ ላይ የቀረበው ኡንያጎ አይደለም፤ የኡንያጎ ከበሮ ነው። ይህን የሚያውቅ አዘጋጅና ይህን የሚያውቅ አድማጭ በደል አይፈጽሙም። በደል የሚሆነው ክፍሉ ሙሉው ነው ተብሎ ሲሸጥ፣ አድማጩም አንድ ሰዓት ሰምቶ አንድን ሕዝብ ያወቀ ሲመስለው ነው።

እዚህ ላይ የበዓሉ አዘጋጆች የያዙት አንድ ደንብ መጠቀስ ይገባዋል። በመድረኩ ላይ የሚቀርብ ሁሉ በሕይወት ባለ ሰው እጅና ድምፅ መቅረብ አለበት፤ በተቀዳ ሙዚቃ ላይ አፍን ማንቀሳቀስ አይፈቀድም። ደንቡ የቴክኒክ ጉዳይ ይመስላል፤ ነገር ግን ሥነ ምግባራዊ መሠረት አለው። ዜማ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፈው በልፋት ነው። ጣቱ የደማ፣ ድምፁ የሻከረ፣ ከመምህሩ እግር ሥር የተቀመጠ ሰው ነው አደራ ተቀባይ የሚባለው። ወጣቱ ባለ ጊታርም፣ አሮጌው ባለ ቃኑንም በዚህ ደንብ ፊት እኩል ናቸው። ሁለቱም የተማሩትን በገዛ እጃቸው ማሳየት ይኖርባቸዋል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የገንዘቡ ጥያቄ ይቀራል። በዓሉ ትርፍ የማያሳድድ ድርጅት የሚያዘጋጀው ሲሆን፣ በእርዳታ ሰጪዎችና በጎብኚዎች ላይ መደገፉ አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ2016 ገንዘብ በመጥፋቱ ሳይከበር ቀርቶ በ2017 ተመልሷል። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንደሚባለው፣ የከፋይ ፍላጎትም የጥበብን ሰው በቀስታ ሊወስደው ይችላል። ሌሊቱን ሙሉ የሚዘልቀው ዜማ በአንድ ሰዓት ይቆረጣል፤ ጭብጨባ የሚያስገኘው ምት ይደጋገማል፤ ዝግ ያለውና ትዕግሥት የሚጠይቀው ይወድቃል። ማንም «አደራህን ብላ» ብሎ አላዘዘውም፤ ግን ቀስ በቀስ ይበላል።

የመድረኩን ድምቀትና የትምህርት ቤቱን ድህነት ጎን ለጎን ማየትም ያስፈልጋል። በዚያው ከተማ ታራብንና ከበሮን፣ ዑድንና ቃኑንን ለወጣቶች የሚያስተምር «የዳው አገሮች የሙዚቃ አካዳሚ» የሚባል ተቋም አለ። እ.ኤ.አ. በ2019 ይህ ተቋም እርዳታ ተቋርጦበት የመዘጋት አደጋ ላይ ወድቆ ነበር። በዓል ያለ ትምህርት ቤት ምን እንደሚሆን ለመገመት አያስቸግርም። ለጥቂት ዓመታት የቀድሞዎቹን ድምፅ ያሰማል፤ ከዚያ በኋላ የሚያሰማው ያጣል። አደባባይ ፍሬውን ያሳያል እንጂ ዘሩን አይዘራም።

ጉዳዩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። ማሲንቆን ከሰርግ ቤት ወደ ቴያትር ቤት፣ የየብሔረሰቡን ጭፈራ ከመስክ ወደ መድረክ ያመጣ ማንኛውም የባህል ሠራተኛ ያው ጥያቄ ይጠብቀዋል። አንድን ውዝዋዜ ለመድረክ ሲያሳጥር ከማን ጋር ተመካከረ? ያስተማሩት ሽማግሌ ስማቸው ተጠርቷል? ከመድረኩ ገቢ ወደ መንደሩ የተመለሰ ነገር አለ? በሚመጣው ዓመት ይህን የሚችል አንድ ልጅ ተጨምሯል ወይስ አንድ አዋቂ ብቻ ተቀንሷል?

እነዚህ ጥያቄዎች በጭብጨባ አይመለሱም። መምህሩ በክፍሉ፣ ከያኒው በልምምዱ፣ የበዓል አዘጋጁም በሒሳብ መዝገቡ ሊመልሳቸው ይገባል። አድማጩም ነጻ አይደለም፤ የሰማ ሰው ተቀብሏልና። ቢ ኪዱዴ ከበሮውን በአደባባይ በመቱት ጊዜ አደራውን ከትከሻቸው አላወረዱም፤ በዚያ ግቢ በተገኘው ሕዝብ ሁሉ ትከሻ ላይ አካፈሉት እንጂ። ትክክል መሥራታቸውን ወይም መሳሳታቸውን የሚወስነው እንግዲህ የዚያ ምሽት ጭብጨባ አይሆንም፤ ከእርሳቸው ሞት በኋላ ያን ከበሮ አንሥታ፣ ምቱን ብቻ ሳይሆን ምክሩንም ለልጅ የምታስተምር ሴት መገኘትዋ ነው።