ተስፋ እና የተስፋ ቃል፦ የለንደኑ ኤልዛቤት መስመር ያስነሣው ጥያቄ

በአማርኛ «ተስፋ» የሚለው ቃል ሁለት ነገር ይሸከማል፤ ሰው በልቡ የሚጠብቀው መልካም ነገር ተስፋ ይባላል፣ ለሌላው የሚሰጠው ቃልም እንዲሁ ተስፋ ይባላል፤ ለሕዝበ እስራኤል ቃል የተገባላቸው ምድር «የተስፋይቱ ምድር» የተባለችውም በዚህ በሁለተኛው ፍች ነው። ከዚህ የሁለት ፍች መዳበል አንድ የሥነ ምግባር ጥያቄ ይወለዳል፦ ተናጋሪው እንደ ምኞት የያዘው ነገር ሰሚው ዘንድ ሲደርስ ቃል ኪዳን ሆኖ ከተገኘ፣ ተናጋሪው የሚጠየቀው በየትኛው ፍች ነው?

ጥያቄውን ጎልቶ እንዲታይ ካደረጉት የዘመናችን ሥራዎች አንዱ፣ በግንባታው ዘመን ክሮስሬል ይባል የነበረው፣ ዛሬ የኤልዛቤት መስመር የሚባለው የለንደን ባቡር ነው። ከዳር ወደ መሐል ከተማ ለሥራ የሚመላለሰውን ሕዝብ እንዲያጓጉዝ የታሰበው ይህ መስመር፣ በምዕራብ ከሬዲንግና ከሂትሮው አውሮፕላን ማረፊያ ተነሥቶ፣ በመሐል በድምሩ 42 ኪሎ ሜትር በሚሆኑ አዳዲስ ዋሻዎች አልፎ፣ በምሥራቅ እስከ ሼንፊልድና አቢ ዉድ ይዘልቃል። የመሐሉ ክፍል በዲሴምበር 2018 (ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ይከፈታል ተብሎ ለዓመታት ሲነገር ከቆየ በኋላ፣ ቀኑ ሊደርስ ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ ኦገስት 31 ቀን፣ መዘግየቱ ለሕዝብ ተገለጠ። መስመሩ የተከፈተው ሜይ 24 ቀን 2022 ሲሆን፣ በ2010 በ14.8 ቢሊዮን ፓውንድ የተወሰነው ወጪም ወደ 19 ቢሊዮን ተጠግቷል።

መዘግየቱ ብቻውን ነውር አይደለም። ባቡሮቹ በአንድ ጉዞ በሦስት ዓይነት የሲግናል ሥርዓት፣ ማለትም ባቡሮች ርቀታቸውን ጠብቀው ሳይጋጩ እንዲሄዱ በሚቆጣጠር ዘዴ ውስጥ ማለፍ ነበረባቸው፤ ይህም ሊፈተሽ የሚችለው ዋሻውም ሐዲዱም መብራቱም ተሟልቶ ባቡሩ በእርግጥ ሲሄድበት ነው። በ2018 ሥራው ከመቶ 90 ገደማ ተጠናቋል ይባል ነበር፤ ቁጥሩም ሐሰት አልነበረም። ነገር ግን ይህ ቁጥር የሚለካው የተሠራውን እንጂ የቀረውን አይደለም፤ የቀረው አንድ አሥረኛ ደግሞ ለየብቻ የተሠራው ሁሉ አብሮ መሥራት ያለበት፣ ከሁሉ የከበደው ክፍል ነበር። እንግዲህ እውነተኛ ቁጥር ሰሚን ወደ ሐሰተኛ እምነት ሊመራ ይችላል ማለት ነው።

ቅዱስ አውግስጢኖስ ሐሰተኛ የሚለው በልቡ አንድ ነገር ይዞ በአፉ ሌላ የሚናገረውን፣ ሁለት ልብ ያለውን ሰው ነው፤ በዚህ ሚዛን የተሳሳተ ሁሉ ዋሾ አይባልም። የዴንማርኩ ምሁር ቤንት ፍሊቭቢየርግ ከባልደረቦቻቸው ጋር በ2002 ስለ 258 የመጓጓዣ ግንባታዎች ባሳተሙት ጥናት ግን፣ ከ10 ሥራዎች ዘጠኝ ያህሉ ወጪያቸው አስቀድሞ አንሶ የተገመተ መሆኑንና በባቡር ሥራዎች ጭማሪው በአማካይ ከመቶ 45 ገደማ መድረሱን አሳይተው፣ ስሕተት ቢሆን ኖሮ አንዳንዴም ወደ ላይ ይሳሳት ነበርና ነገሩ በስሕተት ብቻ አይፈታም ብለዋል። በተሳሳተውና በዋሾው መካከል ግን ሌላ ሦስተኛ ሰው አለ፤ እርሱም አይዋሽም፣ ቀኑን የሚያፈርስበትን ማስረጃ ከመመልከት ግን ዓይኑን ያሸሻል። የብሪታንያ ብሔራዊ የኦዲት መሥሪያ ቤት በሜይ 2019 ባወጣው ሪፖርት፣ ችግሮች እየተከመሩ ሳለ የ2018ቱ ቀን ከሚገባው በላይ ተይዞ መቆየቱን ገልጿል። የዚህ ሰው ልብ አንድ ነው፣ ነገር ግን እውነትን እንዳይሰማ የተዘጋ ልብ ነው፤ የሰው ኑሮ በቃሉ ላይ የተመሠረተበት ባለሥልጣን ሲሆን፣ አለማወቁ ከበደል አያነጻውም።

መድኃኒቱ ግልጽነት ነው ሲባል፣ ብዙ ጊዜ ሰነድ ሁሉ ለሕዝብ ይከፈት ማለት ነው። ፈላስፋው ካንት በ1795 ሌሎችን የሚነካ ድርጊት ዓላማው በይፋ ቢነገር የሚከሽፍ ከሆነ ፍትሕ የለውም የሚል መመዘኛ አቅርቦ ነበር፤ ፈላስፋዋ ኦኖራ ኦኒል ግን በ2002 በቢቢሲ ባሰሟቸው ትምህርቶች፣ የመተማመን ጠላቱ ከምሥጢር ይልቅ ማታለል መሆኑንና የመረጃ ጎርፍም ማታለልን እንደማያስቀር አስረድተዋል። የክሮስሬል ታሪክ ለኦኒል ይመሰክራል፤ የጎደለው ወረቀት አልነበረም፣ የጎደለው «ይህ ቀን ምኞታችን ነው፣ የሚያሰጋንም ይህ ነው» የሚል ግልጽ ንግግር ነበር፤ ቤት የሚከራይ ሠራተኛና በጣቢያው አጠገብ ሱቅ የሚከፍት ነጋዴ የሚያስፈልጋቸውም እርሱ ነበር።

በኤፕሪል 2019 አዲሱ የክሮስሬል አመራር አንድ ቀን መቁረጡን ትቶ፣ መስመሩ ከኦክቶበር 2020 እስከ ማርች 2021 ባለው ጊዜ ውስጥ እንደሚከፈት አስታወቀ። ያም ጊዜ አለፈ፤ ሰሚው ግን በዚህ ጊዜ የተነገረው ነገር ምን ያህል እርግጥ፣ ምን ያህልስ ተስፋ እንደሆነ ለራሱ የሚመዝንበት ስፍራ ተትቶለት ነበር።