ማቆም የሚችል ሰው

በፕላቶ «ሪፐብሊክ» ሦስተኛ መጽሐፍ ውስጥ አንድ አናጢ አለ። ታሞ ሐኪም ዘንድ ይሄዳል። የሚጠጣ መድኃኒት ቢሰጡት፣ ቢተኩሱት ወይም በቢላ ቢቀድዱት እሺ ይላል። ረጅም የአመጋገብና የእንክብካቤ ሥርዓት ሲያዙለት ግን «ለመታመም ጊዜ የለኝም» ብሎ ወደ መጥረቢያው ይመለሳል፤ ከዚያ ወይ ይድናል ወይ ሞቶ ይገላገላል። ሶቅራጥስ ይህን የሚያወራው እያደነቀ ነው። በአንጻሩ የሚተቸው ሄሮዲቆስ የተባለ የስፖርት አሠልጣኝ ነው። ሰውየው በሽተኛ ስለነበር ስፖርትንና ሕክምናን አደባልቆ፣ ሌላውን ሥራ ሁሉ ትቶ፣ ራሱን ሲያስታምም አረጀ። በሶቅራጥስ ዓይን ሄሮዲቆስ ያራዘመው ዕድሜውን ሳይሆን ሞቱን ነው።

ፍርዱ ጭካኔ አለበት። ጥያቄው ግን የዋዛ አይደለም፦ ሰውነትን መንከባከብ ራሱ የሕይወት ሥራ ከሆነ ጤናው ለምን ሊውል ነው? ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ «ደም ግፊት ጀምሮሃል» የተባለ ሰው የሚታዘዝለት አናጢው እምቢ ያለውን ዓይነት ነገር ነው። ጨው ቀንስ፣ ዘይት ቀንስ፣ በየቀኑ ተራመድ፣ በጊዜ ተኛ። ይህ ትእዛዝ ማብቂያ ቀን የለውም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ አዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርግ ይመክራል። ሳምንት 168 ሰዓት ነው፤ 150 ደቂቃ ደግሞ ሁለት ሰዓት ተኩል። ይህን ስሌት ያየ ሁሉ «ሰበብ አታብዛ» ማለት ያምረዋል።

ሰዓት ግን እንደ ገንዘብ አይደመርም። ልጆች ሳይነሡ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ያለው ግማሽ ሰዓትና ታክሲ ተሰልፎ የሚያልፈው ግማሽ ሰዓት በምንም አይመሳሰሉም። አርስቶትል «ልከኛው» ለሁሉም አንድ እንዳልሆነ ሲያስረዳ ምሳሌው ምግብ ነበር። አሥር ምና (የጥንት ግሪኮች የክብደት መለኪያ) ምግብ ለአንድ ሰው ብዙ፣ ሁለት ምና ጥቂት ስለሆነ ብቻ አሠልጣኙ ለሁሉም ስድስት አያዝም፤ ስድስት ምና ለትግል ስፖርተኛው ለሚሎ ትንሽ፣ ለጀማሪ ብዙ ነው። ልክ የሚለካው በሰውየው ነው። እስከዚህ እስማማለሁ። ሁለቱም ፈላስፎች ግን አንድ ሰው ብቻ ይቆጥራሉ፤ ሚሎ የበላውን ማን እንዳበሰለው አይጠይቁም። የአናጢው ቤት ውስጥም ማንም አይታይም።

ጤናማ የሚባለውን ምግብ እስቲ ከጓዳው በኩል እንየው። ጤፉ ይበጠራል፣ ይነፋል፣ ይፈጫል። ተቦክቶ ቢያንስ ሁለት ቀን ይቆያል፣ አብሲት ይጣላል፣ ከዚያ አንድ ሰው ምጣድ ፊት ጭስ ወይም ወላፈን እየመታው ይቆማል። ጎመኑ ታጥቦ ይከተፋል፤ ምስሩ ይለቀማል። ዘይት ቀንሱ ከተባለማ ሽንኩርቱ ረጋ ብሎ፣ ውኃ ጠብ እየተደረገበት፣ ሳያር መብሰል አለበት፤ ይህ ደግሞ ከድስቱ አጠገብ ዞር አያስብልም። የታሸገ ብስኩትና የተጠበሰ ድንች የተስፋፉት ጣፋጭ ስለሆኑ ብቻ አይደለም፤ ይህን ሁሉ ልፋት ስለሚያስቀሩም ነው። እንግዲህ «ከዛሬ ጀምሮ በሥነ ሥርዓት እበላለሁ» ያለ አባወራ ውሳኔው የእሱ ነው፤ ድካሙ ግን የሚስቱ፣ የእህቱ ወይም የቤት ሠራተኛዋ ነው። ጠዋት ዎክ ወጥቶ ሲመለስ ቁርሱ ቀርቦ ከጠበቀው፣ ሚዛን ጠበቅሁ የሚለው አንደኛውን ወገን በሌላ ሰው ትከሻ ላይ አሳርፎ ነው።

በምርጫ በመድከምና በግድ በመድከም መካከል ያለውን ልዩነት ከእንጦጦ ዳገት በላይ የሚያሳይ ቦታ አላውቅም። አትሌቶች ይሠለጥኑበታል፤ ቅዳሜና እሑድ ቦርጭ ለማጥፋት የሚሮጠውም ይመጣበታል። በዚያው ዳገት ሴቶች የባሕር ዛፍ ጭራሮ ተሸክመው ጎንበስ ብለው ሲወርዱ ኖረዋል። የሁሉም ልብ ይመታል፣ የሁሉም ላብ ይፈስሳል። የሴቶቹን ድካም ግን ማንም ስፖርት ብሎት አያውቅም፤ ልክም ነው። በሥራ ላይ የሚደረግ ከባድ የጉልበት እንቅስቃሴ የመዝናኛ ስፖርት የሚሰጠውን ጥቅም እንደማይሰጥ፣ እንዲያውም ሊጎዳ እንደሚችል የሚያመለክቱ ጥናቶች አሉ። ከሚሰጡት ማብራሪያዎች አንዱ እረፍት ነው፦ ሠራተኛው ሲደክመው ማቆም አይችልም። ለእኔ ፍልስፍናው ያለው እዚህ ላይ ነው። ሯጩ ጉልበቱን ካመመው ድንጋይ ላይ ቁጭ ይላል፤ ሸክሙን የያዘችው ሴት ከተቀመጠች የማታው ራት የለም። እንቅስቃሴን ስፖርት የሚያደርገው ማቆም መቻል ነው።

ምግብም እንደዚያው ነው። ያጣ ሰው ሥጋ አለመብላቱ አመጋገብ አይባልም። ጾም ግን ሌላ ነገር ያሳየናል። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ረቡዕና ዓርብ አለ፤ የቀሩትም አጽዋማት ተራቸውን ጠብቀው ይመጣሉ። የሚጾም ቤት ውስጥ ማንም በየዕለቱ ከራሱ ፍላጎት ጋር አይሟገትም፤ የሚበላውም የምታበስለውም በአንድ ሕግ ሥር ናቸው። (ጾም ለጤና ታስቦ አልተሠራም፤ በዘይት የራሰ የጾም ፍርፍር የበላም ያውቀዋል።) ቁም ነገሩ፣ ውሳኔው የአንድ ሰው የግል ትግል አለመሆኑ ነው። አዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» ብላ አውራ ጎዳናዎችን በተመረጡ እሑዶች ለተወሰነ ሰዓት ለመኪና ስትዘጋም የሆነው ይኸው ነበር። ሕፃኑም አዛውንቱም አስፋልቱ ላይ የወጡት በአንድ ሌሊት ቆራጦች ስለሆኑ አይደለም።

እንግዲያው የሚመዘነው አንድ ሰው መሆኑ ቀርቶ ቤተሰቡ ይሁን? እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ተቃውሞ አለ። የቤት ጉዳይ አያልቅም፤ ቤተሰብ ይቅደም በተባለ ቁጥር እናት ለራሷ የምትወስደው ሰዓት አይገኝም። ብዙ እናቶች «እኔ ስፖርቴን ጓዳ ነው የምሠራው» ብለው የሚቀልዱት ቀልዱ ስለጣማቸው አይመስለኝም። ስለዚህ መከፋፈል ያለበት ሰዓቱ ብቻ አይደለም፤ ማቆም መቻሉም ነው። ባል ማክሰኞ ማታ ሽንኩርት ሲከትፍ «እያገዝኳት ነው» ካለ ሥራው አሁንም የእሷ ነው፤ ስታቆም ፈቃድ ትጠይቃለች። ማክሰኞ የእሱ ከሆነ ግን፣ ቢያርም ባያርም፣ እሷ ጫማዋን አስራ ትወጣለች።

በዚህ ስሌት ከሁሉ የሚከብደኝ የቤት ሠራተኛዋ ነገር ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 እንዳይበልጥ ይወስናል። የቤት ውስጥ የግል አገልግሎት ቅጥርን ግን ከአዋጁ ውጭ ያደርገዋል። ስለዚህ ለዎክ የወጣው ሰው ሲመለስ ቁርሱን የምታቀርብለት ልጅ ሥራዋን በስንት ሰዓት እንደምታቆም የሚወስነው፣ ብዙ ጊዜ፣ ቁርሱን የሚበላው ሰው ነው።