ያዩትን ስለ መንገርና ያዩትን ስለ መሰወር

በኢትዮጵያ ገጠር እህል በሚያሸትበት ወራት በየእርሻው ዳር ማማ ይሠራል፤ በማማውም ላይ ልጅ ወንጭፍ ይዞ ይቀመጣል። ሥራው ወፍ መጠበቅ ይባላል፤ ነገሩ ግን እህሉን ከወፍ መጠበቅ ነው። በሌላ አገር ደግሞ ወንጭፍ የሌለው ማማ አለ። በባሕር መካከል ባሉ ደሴቶችና ወደ ባሕር በወጡ የምድር ጫፎች ላይ ቤት ሠርተው፥ ከንጋት እስከ ምሽት የሚያልፈውን ወፍ ሁሉ እየቈጠሩ የሚጽፉ፥ ከቈጠሩትም አንዲት ላባ እንኳ ለራሳቸው የማያስቀሩ ሰዎች አሉ። የሚሰበስቡት ማየትን ብቻ ነው፤ ያዩትንም ለሌላው ይሰጣሉ። ከእነዚህ ሰዎች ሥራ ውስጥ አንድ የቆየ ጥያቄ ይነሣል፤ ይኸውም፦ ሰው በዓይኑ ያየው ነገር የማን ገንዘብ ነው? ያየ ሰው የመንገር ዕዳ አለበትን? ወይስ መሰወር የሚገባበት ጊዜ አለ? የሚል ነው።

ሽመላ የመምጫዋን ጊዜ እንደምታውቅ ነቢዩ ኤርምያስ አንሥቶታል። መምጣቷንና መሄዷን ሁሉም ያያል፤ ወዴት እንደምትሄድ ግን በሰሜን አገር ለብዙ ዘመን በርግጥ ያወቀ አልነበረም። ታላቁ ፈላስፋ አርስጣጣሊስ እንኳ አንዳንዷ ወፍ በብርድ ወራት ወደ ሌላ ዓይነት ወፍ ትለወጣለች ብሎ ጽፏል። እንዲህ ያለ ሊቅ ስለ ምን ተሳሳተ ቢሉ፥ አእምሮ ጐድሎት አይደለም፤ በአንድ አገር ተቀምጦ የወፏን የዓመት እኩሌታ ብቻ ስላየ ነው። ሌላውን እኩሌታ ያየ ሰው በአፍሪካ ነበረ፤ ዳሩ ግን ሁለቱ አልተነጋገሩም። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1822 ዓመተ ምሕረት (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመቶች እንዲሁ ናቸው) በጀርመን አገር በመክለንቡርግ የተገደለች አንዲት ሽመላ በአንገቷ የአፍሪካ ፍላጻ ተሰክቶባት ተገኘች፤ አካሏም በሮስቶክ ዩኒቨርሲቲ እስከ ዛሬ ተጠብቆ ይኖራል። ከአንዱ አገር ወደ ሌላው የተላከው ግልጽ ወሬ ይህ ነበረ፤ መልእክቱም የተጻፈው በቍስል ነው።

በ1899 ሃንስ ክርስቲያን ሞርተንሰን የሚባል የዴንማርክ መምህር ከዚህ የተሻለ መንገድ አገኘ። በሚኖርበት በቪቦርግ ከተማ ቀላል የአሉሚኒየም ቀለበት ሠርቶ፥ ቍጥርና የከተማውን ስም ቀርጾበት፥ በእንግሊዝኛ ስታርሊንግ በሚባሉት 165 ወፎች እግር አስሮ ለቀቃቸው። ሁለት ዓመት ቈይቶ በ1901 ዮሐንስ ቲነማን በምሥራቅ ፕሩስያ በባሕር ዳር በምትገኘው በሮሲተን መንደር የመጀመሪያውን የወፎች መመልከቻ ጣቢያ አቆመ፤ ሽመሎችንም በቀለበት እያሰረ ይሰድ ጀመር። በብሪታንያም ሮናልድ ሎክሊ በ1933 በዌልስ ባለችው በስኮክሆልም ደሴት የአገሩን የመጀመሪያ ጣቢያ መሠረተ።

የቀለበቱን ነገር ልብ ሊሉት ይገባል። ቀለበቱን ያሰረው ሰው ብቻውን ያገኘው ነገር የለም። ቀለበቱ የሚናገረው፥ በሩቅ አገር ያለ፥ ፊቱን የማያውቀው ሰው ወፏን አግኝቶ ቍጥሩን በላከለት ጊዜ ነው። እንግዲህ ይህ ዕውቀት ከሁለት ሰዎች መካከል የሚወለድ ነው፤ አንደኛው ዝም ያለ እንደ ሆነ የሁለቱም ድካም ከንቱ ይሆናል። ጦርነት እንኳ ይህን ማኅበር ፈጽሞ ሊያፈርሰው አልቻለም። ሮሲተን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከጀርመን እጅ ወጥታ፥ ስሟ ሪባቺ ተብሎ፥ የሶቪየት ግዛት ሆነች፤ ነገር ግን በ1956 የሩስያ ሊቃውንት የወፎቹን መቍጠሪያ በዚያው ስፍራ እንደ ገና ከፈቱ። ሰዎቹ ጠላቶች ነበሩ፤ የወፎቹ መንገድ ግን አንድ ነበረ።

በነዚህ ጣቢያዎች አንድ መልካም ልማድ አለ። ማታ ሁሉም ተሰብስበው የወፎቹ ስም በተራ ይጠራል፤ እያንዳንዱም በዚያ ቀን ያየውን ቍጥር ይናገራል፤ ጸሓፊውም በመዝገብ ያገባል። የቅኔ ተማሪ ቀን በዱር ሲቈጥር የዋለውን ቅኔ ማታ ለመምህሩ ነግሮ እንደሚታረም፥ እነዚህም ቈጥረው የዋሉትን በጓደኞቻቸው ፊት አቅርበው ይታረማሉ። ያየሁት ይመስለኛል የሚለው ሰው ተጠራጥሬአለሁ ማለት አያሳፍረውም። ወፍ ያልታየበትም ቀን ይጻፋል፤ ያለመኖርን መመስከር መኖርን የመመስከር ያህል ይጠቅማልና። ብርቅ ወፍ አየሁ ያለ ሰው መልኳንና ድምፅዋን፥ ብርሃኑ እንዴት እንደ ነበረ፥ ምን ያህል እንደ ራቀች ይጠየቃል። በብሪታንያ ይህን የሚመረምር ሸንጎ በ1959 ተቋቁሟል።

ይህ ሁሉ ምርመራ ለምን ያስፈልጋል ቢሉ፥ ለሁሉ በተሰጠ ነገር ላይ የሚገባ ሐሰት ሁሉን ስለሚበክል ነው። በደቡብ እንግሊዝ በሄስቲንግስ ከተማ አካባቢ ከ1892 እስከ 1930 ታዩ ተብለው የተጻፉ ብዙ ብርቅ ወፎች ነበሩ። በ1962 ሊቃውንት መዝገቡን መርምረው የማይታመን መሆኑን ስለ ገለጹ ከ500 የሚበልጡ ምስክርነቶች ከአገሩ መዝገብ ተሠረዙ። ከተሠረዙትም መካከል እውነተኞች ይኖሩ ይሆናል፤ ነገር ግን ከሐሰት ጋር ስለ ተቀላቀሉ አብረው ወደቁ። እንግዲህ ያዩትን መንገር ብቻ አይበቃም፤ ያዩትን ያህል ብቻ መንገር ይገባል።

እስከዚህ ድረስ የተባለው ለመንገር የሚያደላ ነው። ዳሩ ግን ለመሰወርም የሚከራከር አይጠፋም። በኢትዮጵያ መድኃኒት ዐዋቂ የሥሩንና የቅጠሉን ስም ለአንድ ልጁ ብቻ ነግሮ፥ ከሌላው ሰውሮ ይሞታል፤ ስለ ምን ቢሉት፥ ነገር ሲበዛ ይረክሳል፥ ኀይሉም ይጠፋል ይላል። ይህ ንግግር በአንድ በኩል የቅናት መሸፈኛ ሊሆን ይችላል፤ ልጁም ሳይማር የሞተ እንደ ሆነ ዕውቀቱ አብሮ ይቀበራል። በሌላ በኩል ግን እውነት አለበት፤ ሥሩ የሚገኝበት ስፍራ ለሁሉ የተነገረ እንደ ሆነ፥ ሁሉ ቈፍሮ ይጨርሰዋልና። ስለ ወፎችም እንዲሁ ነው። የብርቅ ወፍ ጎጆ ያለበትን ዛፍ የሚናገር ሰው፥ ቃሉ ለወዳጅም ለሌባም እኩል እንደሚደርስ ማወቅ አለበት።

ይህን ጥያቄ በተግባር የተፈተነበት ሰው ጆርጅ ዋተርስተን ነው። እርሱ በ1941 በቀርጤስ ደሴት በጀርመኖች ተማርኮ፥ በምርኮ ቤት ሳለ በፌር ደሴት የወፎች መመልከቻ ጣቢያ የማቆምን አሳብ ከጓደኛው ጋር ሲያወጣና ሲያወርድ የነበረ፥ ነጻ ከወጣም በኋላ ደሴቲቱን ገዝቶ በ1948 አሳቡን የፈጸመ ስኮትላንዳዊ ነው። ይህ ያዩትን ለሌላው መስጠትን ሥራው ያደረገ ሰው በኋላ የመሰወር ተራ ደረሰው። ዓሣ እያጠመደ የሚበላ፥ በእንግሊዝኛ ኦስፕሬይ የሚባል አዳኝ ወፍ፥ አዳኞችና እንቍላል ሰብሳቢዎች ከስኮትላንድ ካጠፉት በኋላ በ1950ዎቹ ተመልሶ በጋርተን ሐይቅ አጠገብ ጎጆ ሠራ። የወፎች ጥበቃ ንጉሣዊ ማኅበር ስፍራውን በምስጢር ያዘ፤ ጥቂት ሰዎችም ቀንና ሌሊት ይጠብቁ ነበር። ይሁን እንጂ በ1958 አንድ ሌባ በሌሊት ዛፉ ላይ ወጥቶ እንቍላሎቹን ወሰደ፤ በስፍራቸውም በጫማ ቀለም የተቀባ የዶሮ እንቍላል አስቀመጠ። የዚያ ዓመት ተስፋ በዚሁ አለቀ።

በሚከተለው ዓመት ምን ይደረግ? ምስጢሩን ከፊተኛው አብልጦ ማጥበቅ የሚቀና ይመስል ነበር። ዋተርስተን ግን ተቃራኒውን መረጠ። ዛፉ ከቅርብ የሚጠበቅ፥ ማንም የማይቀርበው ክልል ሆነ፤ ከሩቅ ግን መመልከቻ ቤት ተሠርቶ፥ የሩቅ ማሳያ መነጽር ተቀምጦ፥ ማየት የሚወድ ሁሉ እንዲመጣ ለሕዝብ ተነገረ። በ1959 ወደ 14,000 ሰው መጣ፤ ሦስት ጫጩቶችም አድገው በረሩ። ዛሬ በስኮትላንድ ከ200 የሚበልጡ ጥንዶች አሉ። ሌባው ስፍራውን በምስጢሩም ጊዜ ያውቅ ነበር፤ ምስጢሩ የከለከለው ወዳጆችን ብቻ ነበረ። በተነገረ ጊዜ ግን የጥቂቶች ጭንቀት የብዙዎች ጥበቃ ሆነ።

ከዚህም የተነሣ ምንጊዜም መንገር ይሻላል ብሎ የሚፈርድ ሰው ይቸኵላል። ያ ጎጆ ከተነገረ በኋላም የሌሎች ጎጆዎች ስፍራ ይሰወር ነበር፤ ለእያንዳንዱ ዛፍ ጠባቂ ማቆም አይቻልምና። ዛሬም ወሬ በስልክ በአንድ ደቂቃ ዓለምን በሚዞርበት ዘመን፥ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ በ2002 የከፈተው ኢበርድ የሚባለው መዝገብ ከየአገሩ የታየውን ሁሉ ተቀብሎ ለሁሉ ይገልጣል፤ አዳኝና ነጋዴ የሚያሳድዷቸውን ወፎች ስፍራ ግን ይሰውራል። እንግዲህ ፍርዱ በመንገር ወይም በመሰወር ላይ አይደለም፤ ስለ ማን ብሎ ነገረ፥ ስለ ማን ብሎ ሰወረ በሚለው ላይ ነው። ስሙ እንዲጠራ ብሎ ጎጆውን የሚገልጥና፥ ብቻውን ዐዋቂ ለመባል ብሎ የወፏን መንገድ የሚደብቅ፥ ሥራቸው የተለያየ ቢመስልም በደላቸው አንድ ነው፤ ሁለቱም የታየውን ነገር የራሳቸው ገንዘብ አድርገውታልና። ያየ ሰው ግን ባለ አደራ እንጂ ባለ ገንዘብ አይደለም። አደራ ደግሞ አንዳንድ ጊዜ በመስጠት፥ አንዳንድ ጊዜም በመያዝ ይጠበቃል።

በእንግሊዝኛ ክሬን የሚባሉት፥ ላባቸው ግራጫ እግራቸው ረጅም የሆነ ወፎች ከፊንላንድና ከኤስቶኒያ ተነሥተው እስከ ኢትዮጵያ ይደርሳሉ፤ መከሩ ከታጨደ በኋላ በቀረው ቃርሚያ ላይ ይሰማራሉ። ከነዚያም አንዳንዶቹ በእግራቸው ምልክት አለባቸው። በሰሜን ያለው መምህር ምልክቱን አስሮ እኩሌታውን ጽፏል፤ የቀረው እኩሌታ በማማው ላይ በነበረው ልጅ ዓይን ውስጥ ነው። ወንጭፉን አኑሮ ያየውን የነገረ እንደ ሆነ፥ ከዚያ መምህር ጋር አንድ መጽሐፍ ጻፈ ማለት ነው።